የማታው መምህርና የክፍሉ ሕግ፦ ከአራት ኪሎ እስከ ሰባት ኪሎ



የመጽሔቱ አዘጋጆች «ከሥራህ ጋር የተያያዘ ታሪክ ጻፍልን» ሲሉኝ ርዕስ ለመምረጥ ብዙ አልተቸገርኩም። ከሰመራ ከወጣን ሰዎች መካከል ስንቶቻችን ማታና ቅዳሜ በኮሌጅ እንደምናስተምር በተገናኘን ቁጥር አያለሁ። ቀን ባንክ ቤት፣ ጽሕፈት ቤት፣ ጤና ጣቢያ ወይም እንደኔ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውለን፣ አመሻሹ ላይ ማርከር በኪሳችን ከትተን ክፍል የምንገባ ነን። ሰዉ «ፓርት ታይመር» ይለናል። ተማሪው «ቲቸር» ይለናል። ኮሌጁ ደግሞ በክሬዲት ሰዓት ቆጥሮ የሚከፍለው፣ ሴሚስተሩ ሲያልቅ ውሉ የሚያልቅ ሰው አድርጎ ይመዘግበናል።

ስለ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ታሪክ ብዙ ተጽፏል። ስለ ፕሬዚዳንቶቹ፣ ስለ ተማሪው ንቅናቄ፣ ስለ ሕንጻዎቹ። ማታ መጥቶ አስተምሮ ስለሚሄደው መምህርና ስለ ክፍሉ ሕግ ግን ብዙ አላየሁም። ተማሪው ቢዘገይ፣ ቢቀር፣ ፈተና ቢያልፈው፣ ግሬድ አነሰኝ ብሎ ቢመጣ በምን ሕግ ይዳኛል? ይህ ጥያቄ ተራ የሬጅስትራር ጉዳይ ይመስላል። እኔ ግን አዋሽ ሰባት ኪሎ ካስተማርኩባቸው ዓመታት የተረዳሁት፣ የብዙ ሰው ዲግሪ፣ እድገትና እንጀራ በዚህች ጥያቄ ላይ እንደሚንጠለጠል ነው። ስለዚህ ከሥሩ ልጀምር። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በኛው አቆጣጠር ናቸው።

ከአራት ኪሎ የተነሳው የማታ ትምህርት

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ተከፈተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። የቀን ተማሪው ግቢ ውስጥ ይኖራል፣ ይመገባል፣ ይተኛል። ደወል ሲደወል የሚነሳ፣ ደወል ሲደወል ክፍል የሚገባ ወጣት ነው። እንዲህ ላለ ተማሪ «ከክፍል መቅረት ክልክል ነው» የሚል ሕግ ማውጣት አያስቸግርም። ከዶርም እስከ ክፍል ያለው ርቀት የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው።

ብዙም ሳይቆይ፣ በ1940ዎቹ አጋማሽ፣ ኮሌጁ ለሠራተኛው የማታ ትምህርት ጀመረ። «ኤክስቴንሽን» የሚለው ቃል ወደ አማርኛችን ገብቶ የቀረው ያኔ ነው። የሚመጣው የመንግሥት ጸሐፊ፣ መምህር፣ ወታደር፣ የድርጅት ሠራተኛ ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኮሌጆቹ ተጠቃለው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ኤክስቴንሽኑም አብሮ ቀጠለ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ እንበል። ማታ የሚያስተምረው በአብዛኛው ቀን የሚያስተምረው መምህር ነበር። ኮርሱም፣ ፈተናውም፣ ዲግሪውም ከቀኑ ጋር አንድ እንዲሆን ተፈለገ። ይህ ጥሩ ሐሳብ ነው፤ «የማታ ዲግሪ ከቀን ያንሳል» እንዳይባል የሚጠብቅ ነው። ከኮርሱ ጋር ግን የክፍሉ ሕግም እንዳለ ተሻገረ። ለዶርም ልጅ የተጻፈው የአቴንዳንስ ሕግ፣ ስምንት ሰዓት ሠርቶ ራት ሳይበላ ለሚመጣው የቤተሰብ ኃላፊ ተሰጠ። ዛሬ ሰባት ኪሎ ላይ የምንታገለው ነገር ዘሩ የተዘራው ያኔ ነው እላለሁ።

ሸለቆውና እንግዳው መምህር

አሁን ወደ አዋሽ ሸለቆ እንውረድ። አዋሽን ከተማ ያደረጋት ባቡሩ ነው። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዋሽን አቋርጦ አዲስ አበባ ገባ። ከዚያ ወዲህ ከተማዋ የፈረቃ ሠራተኛ ከተማ ናት። ባቡር ሌሊትም ይመጣል፣ ቀንም ይመጣል፤ ሠራተኛው የሚቆጥረው የባቡሩን ሰዓት ነው። ከ1940ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከላይኛው ሸለቆ ወንጂ፣ በኋላም መተሐራ ላይ የስኳር ፋብሪካዎች ተተከሉ። በ1954 ዓ.ም. የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን ተቋቋመ፤ ከአሚባራ እስከ ተንዳሆ ጥጥ ተዘራ። የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹን ሲያጣ፣ ከየአቅጣጫው የመጣ የቀን ሠራተኛ ደግሞ በየእርሻው ሰፈረ። ሸለቆው ብዙ ሥራ ነበረው፤ ትምህርት ቤት ግን አልነበረውም ማለት ይቻላል፤ ከፍተኛ ትምህርትማ ጭራሽ አይነሳም።

ስለዚህ እንዲህ ባሉ ከተሞች ትምህርት የመጣው በአብዛኛው በእንግዳ መምህር ነው። በ1957 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተጀመረ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወጥቶ እንዲያገለግል ተደነገገ፤ አብዛኛውም መምህር ሆነ። ራሱ ገና ተማሪ፣ በክፍሉ ግን መምህር፤ ዓመቱ ሲያልቅ ወደ ስድስት ኪሎ የሚመለስ። ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም. የእድገት በህብረት ዘመቻ ሲጀመር ወደ 60 ሺህ የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በየገጠሩ ተበተኑ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ብሔራዊው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ተከተለ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች ተሰጠ፤ አፋርኛም አንዱ ነበር። ማንበብ የሚችል ያልቻለውን ማስተማር ግዴታው ሆነ፤ ከዩኔስኮም ሽልማት አስገኘ።

እነዚህን ሦስቱን አንድ ላይ የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። በሦስቱም መምህሩ ቋሚ አልነበረም። በሦስቱም የክፍሉን ሕግ ያወጣው ሌላ አካል ነው፤ ዩኒቨርሲቲው፣ ዘመቻ መምሪያው ወይም ቀበሌው። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከክፍል የቀረ ጎልማሳ የሚጠየቀው በቀበሌ ነበር። መምህሩ ስም ይጠራል፣ ቅጣቱ ከሌላ ቤት ይመጣል። የዚያን ዘመን ሽማግሌዎች ስታወሩ «ፊደል የቆጠርኩት በዘመቻ ነው» የሚል ታገኛላችሁ፤ «ላሟን ትቼ ክፍል ግባ ተብዬ ተገደድኩ» የሚልም ታገኛላችሁ። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። ትምህርቱ ጠቃሚ ነበር፤ ሕጉ ግን የሰውየውን ውሎ አልጠየቀም።

ኮሌጅ ወደ ሰባት ኪሎ ሲመጣ

በ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ወጣ፤ የግል ባለሀብትም ኮሌጅ መክፈት ጀመረ። አዋጅ ቁጥር 351/1995 ለከፍተኛ ትምህርት ሕጋዊ መልክ ሰጠው፤ ጥራቱን የሚቆጣጠር ኤጀንሲም አቋቋመ። በ2000 ዓ.ም. የኛው ሰመራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሲቀበል፣ የአፋር ክልል ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱ ዩኒቨርሲቲ አገኘ። ከአዲስ አበባ ሲመጡ በፀሐይ የሚነድ ሜዳ ላይ ብቅ የሚለው ግቢያችንን፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ፋን የሌለበት ክፍል ውስጥ የተፈተንነውን ፈተና ማን ይረሳል?

በዚያው ዘመን ዲግሪ ለደረጃ እድገት፣ ለደመወዝ፣ ለቦታ መወዳደሪያ የግድ እየሆነ መጣ። የወረዳ ባለሙያው፣ የባንክ ጥበቃው፣ የጉምሩክ ሠራተኛው፣ የባቡር ሠራተኛው ሥራውን ትቶ ሰመራ ወይም አዳማ ገብቶ አራት ዓመት መቀመጥ አይችልም። ከአዋሽ ሰመራ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አዲስ አበባም ከ200 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እንዲህ ላለው ሰው ኮሌጁ ራሱ መምጣት ነበረበት፤ መጣም። በየአውራ ጎዳና ከተማው የአንድ ፎቅ ሁለት ሦስት ክፍል ተከራይቶ፣ ታች ፋርማሲ፣ ላይ «አካውንቲንግ ክፍል ሁለት» የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

መምህሩስ ከየት ይምጣ? ከኛው ነዋ! ቋሚ መምህር መቅጠር ውድ ስለሆነ፣ ከተማው ውስጥ ዲግሪ ያለው ሁሉ ተፈለገ። እኔ በ2004 ዓ.ም. ተመርቄ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በክረምት ፕሮግራም ይዤ፣ በ2007 ዓ.ም. አዋሽ ላይ ማታ ማስተማር ጀመርኩ። መጀመሪያ ሲቪክስ፣ ከ2012 ዓ.ም. የሥርዓተ ትምህርት ለውጥ ወዲህ ደግሞ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክ የሚባለውን የጋራ ኮርስ አስተማርኩ። ቢሮ የለኝም፤ ተማሪ ሊያናግረኝ ሲፈልግ ደረጃው ላይ ቆመን ነው። ፈተና ማረም፣ አሳይመንት ማንበብ፣ ግሬድ መሙላት በክፍያው ውስጥ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ክፍል ውስጥ የቆምኩበት ሰዓት ብቻ ነው።

ይህ የኛ ሀገር ጣጣ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካ ውስጥ «አጀንክት» ይሏቸዋል፤ ከኮሌጅና ከዩኒቨርሲቲ መምህራን ግማሽ ያህሉ የትርፍ ሰዓት መምህራን ናቸው። በክፍለ ትምህርት ተከፍሎ፣ ከአንዱ ኮሌጅ ወደ ሌላው በመኪና እየበረሩ ማስተማር እዚያም የታወቀ ኑሮ ነው። ዳያስፖራ ያሉ ጓደኞቻችን መኪናው ውስጥ ፈተና ሲያርሙ የላኩትን ፎቶ አይተን ስቀናል።

ወረቀቱ ላይ ያለው ሕግና ፈረቃው

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የየተቋሙ የተማሪ መመሪያ ማለት ይቻላል፣ ተማሪው ከክፍለ ጊዜው የተወሰነ መቶኛ ካልተገኘ ፈተና እንዳይቀመጥ ይከለክላል። ሕጉ ለቀን ተማሪ ትክክል ነው። አዋሽ ላይ ግን ክፍሌ ውስጥ እነማን ነበሩ? በፈረቃ የሚሠራ የኬላ ፈታሽ፣ ከጅቡቲ መስመር መቼ እንደሚመለስ የማያውቅ የከባድ መኪና ሹፌር፣ ማታ ተረኛ የሆነች ነርስ፣ ሞግዚት ስለሌላት ልጇን አዝላ የምትመጣ የሂሳብ ሠራተኛ። በ2009 ዓ.ም. መስከረም አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ ከአዋሽ ወደ ኮምቦልቻና ሐራ ገበያ የሚሄደውም መስመር ሲገነባ፣ የግንባታ ካምፕ ሠራተኞችም ተጨመሩ። ረመዳን ሲገባ ደግሞ የመግሪብ ሰዓት ልክ በክፍለ ጊዜው መሐል ይውላል። ግማሹ ክፍል ቴምር በኪሱ ይዞ ሰዓቱን ያያል።

ቋንቋውም ሌላ ጣጣ ነው። ሕጉ «ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ይሰጣል» ይላል። ሀንድአውቱ እንግሊዝኛ፣ ማብራሪያው አማርኛ፣ ከኋላ ወንበር ደግሞ አንዱ ለጓደኛው በአፋርኛ ይተረጉምለታል። እኔ ይህንን አልከለከልኩም። አፋሮች «ዳጉ» የሚሉት ወሬ የመለዋወጥ ባህል አላቸው፤ መንገደኛ ሲገናኝ ያየውንና የሰማውን ሳያዛባ የመንገር ግዴታ አለበት። የተረጎመውን ልጅ «ዳጉ ነው፤ የጨመርከው ካለ ትጠየቃለህ» እለው ነበር። ክፍሉ ይስቃል፤ እሱ ግን ለትክክለኛነቱ በእውነት ይጨነቃል። ተርጓሚ ሆኖ የጀመረው ልጅ የክፍሉ ጎበዝ ሆኖ ሲወጣ ከአንድ ጊዜ በላይ አይቻለሁ።

ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ የኮሌጁን መመሪያ ሳልጥስ የራሴን አንድ ገጽ የክፍል ስምምነት መጻፍ ጀመርኩ። መጀመሪያው ቀን ከኮርስ አውትላይኑ ጋር አብሬ እሰጣለሁ፤ አንብበን፣ ተከራክረን፣ ሁሉም ይፈርማል። በአጭሩ እንዲህ ነበር፦

የፈረቃ ሠራተኛ የሴሚስተሩን ፈረቃ ከመሥሪያ ቤቱ በማኅተም በመጀመሪያው ሳምንት ያመጣል። በፈረቃ የቀረበትን እያንዳንዱን ክፍለ ጊዜ በሁለት ሳምንት ውስጥ በቃል ፈተና ያካክሳል፤ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ሀንድአውቱን ያስረዳኛል። ሚድና ፋይናል ሁለት ጊዜ ይሰጣሉ፤ ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ ማታ፤ ጥያቄው የተለያየ፣ ክብደቱ እኩል። ከሁለቱ ውጪ ሜክአፕ የለም። ስለ ግሬድ የሚነጋገረው ወረቀቱን ይዞ፣ ክፍል ውስጥ፣ ሌሎች በሚሰሙበት ነው፤ ስልክ መደወል፣ ሆቴል መጋበዝ፣ ሰው መላክ የለም። የቡድን ሥራ ላይ ማንን እንደምጠይቅ አይታወቅም፤ የጠየቅኩት ካላወቀ የቡድኑ ማርክ ይቀንሳል። የመጨረሻዋ ለእኔ ነበረች፦ መምህሩ ከቀረ ያንኑ ሰዓት በሁለት ሳምንት ውስጥ ይተካል፤ ካልተካ ያ ክፍል ፈተና ውስጥ አይገባም።

ይህች የመጨረሻዋ አንቀጽ ናት ሌሎቹን ያስከበረችው። ተማሪው ሕግ የሚጠላው ለእሱ ብቻ የተጻፈ ሲመስለው ነው። መምህሩም እንደሚጠየቅ ሲያይ «ቲቸር፣ ባለፈው ሐሙስ ቀርተዋል፤ መቼ ነው የሚተኩልን?» ብሎ ይጠይቃል። ይጠይቅ! መብቱ ነው።

በ2010 ዓ.ም. ይህ ስምምነት በደንብ ተፈተነ። አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ተማሪዎች ነበሩኝ። አንደኛው የኬላ ፈታሽ ነው፤ ከ16 ሳምንት አምስቱን በፈረቃ ቀርቷል። አምስቱንም አካክሷል። አንዳንዴ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ፣ ሻይ ቤት ጥግ ላይ ስለ ግራኝ ዘመን ጦርነት ያስረዳኛል። ሁለተኛው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነው፤ እሱም አምስት ጊዜ ቀርቷል፤ ደብዳቤ የለም፣ ማካካሻ የለም። «ስብሰባ ነበረኝ» አለ። ስብሰባውን የሚጠራው ራሱ ነው። ስምምነቱን አሳየሁት፤ ፊርማው አለበት። «ይሄ እኮ ለልጆቹ ነው» አለኝ። ማካካሻ እንዲወስድ ሦስት ቀን ነገርኩት፤ አልመጣም። ፋይናል እንደማይቀመጥ አስታወቅሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ኮሌጁ ደወለ። «አንተ ደግሞ፣ ነገር አታካብድ፤ አስተካክለው» ተባልኩ። ሁለቱንም መዝገብ ይዤ ሄድኩ። አንዱን በአምስት ቅሪት ማሳለፍ ሌላውን በአምስት ቅሪት መጣል እንዴት እንደሚጸና፣ ፊርማና ቀን እየጠቆምኩ አስረዳሁ። «ለኃላፊው ከለቀቅሁ ፈታሹ እነዚያን ሌሊቶች ለምን ለፋ?» አልኩ። ግሬዱን አልቀየርኩም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ውሌ አልታደሰም፤ ሁለት ሴሚስተር ሌላ ቦታ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተመላለስኩ አስተማርኩ። ከዓመት በኋላ ያው ኮሌጅ መልሶ ጠራኝ፤ ምክንያቱን አልጠየቅኩም። ፈታሹ ተመርቆ ዛሬ የቡድን መሪ ነው። ኃላፊው ኮርሱን ከሌላ መምህር ጋር ደግሞ ወሰደ።

ይህንን የምጽፈው ጀግና ለመባል አይደለም፤ ብዙዎቻችሁ ከዚህ የባሰ አይታችኋል። ነገሩ እንዲህ ነው፦ ቋሚ መምህር ዲፓርትመንት አለው፣ ሴኔት አለው፣ ቅሬታ የሚሰማ ኮሚቴ አለው። ፓርት ታይመር ያለው ያቺው አንድ ገጽ ናት። ሕጉ ቀድሞ ካልተጻፈና ካልተፈረመ፣ ተማሪውም መምህሩም በጉልበተኛው እጅ ናቸው።

የ2015ቱ ውጤት

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የመጀመሪያው ብሔራዊ የመውጫ ፈተና በዲግሪ ደረጃ ተሰጠ። ከተፈተኑት 150,184 ተማሪዎች ያለፉት 61,054፣ ማለትም 40.65 በመቶ ነበሩ። ከመንግሥት ተቋማት 77,981 ተፈትነው 48,632 አለፉ፤ 62.36 በመቶ ማለት ነው። ከግል ተቋማት 72,203 ተፈትነው ያለፉት 12,422 ብቻ ናቸው፤ 17.2 በመቶ። ያን ሰሞን አዋሽ ላይ ሰው አንገቱን ደፍቶ ነበር። በየሻይ ቤቱ «የማታ ተማሪ ምን ያውቃል!» ተባለ። «ፓርት ታይመሩ ዝም ብሎ ግሬድ ሲያድል ከርሞ» ተባለ።

ለነገሩ ግሬድ የሚታደልበት ቦታ የለም አልልም። አሳይመንት የሚሸጥ ፎቶ ኮፒ ቤት፣ «ቲቸር፣ አንዴ ብቻ ይርዱኝ» የሚል ልመና፣ ፈተና ላይ ኩረጃ፣ አሉ። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ሰዓቱን እንድንቆጥር እፈልጋለሁ። የሦስት ክሬዲት ኮርስ በ16 ሳምንት 48 ሰዓት ነው። በአራት ቅዳሜ፣ በቀን ስድስት ሰዓት፣ «በብሎክ» ጨርሱ ሲባል 24 ሰዓት ይሆናል፤ ግማሽ። ከዚያ ላይ የመዘግየት፣ የመብራት መጥፋት፣ የመምህሩ መቅረት ሲቀነስ ምን ይተርፋል? ፈታኙ የሚጠይቀው የ48 ሰዓቱን ነው። እንግዲህ ስለ ተማሪው አቴንዳንስ 70 ዓመት ሕግ ስናወጣ ኖረን፣ ስለ ኮርሱ ሰዓት መሟላት ግን ማን ስም ጠራ?

ከአራት ኪሎ የወረስነው ሕግ የተማሪውን መገኘት ብቻ ይቆጥራል፤ ምክንያቱም ያኔ መምህሩና ሰዓቱ የተረጋገጡ ነበሩ። ሰባት ኪሎ ላይ ሲደርስ ነገሩ ተገለበጠ። ተማሪው ከፍሎ፣ ደክሞት፣ መጥቶ ቁጭ ብሏል፤ የሚጎድለው ሰዓቱ ነው። የማታ ትምህርት ሕግ መጻፍ ያለበት ከዚህ ጫፍ ተነስቶ ነው እላለሁ። መጀመሪያ 48ቱ ሰዓት መሙላቱ ይረጋገጥ፤ ከዚያ ተማሪው በዚያ ሰዓት ውስጥ የት እንደነበረ እንጠይቅ።

መሬት ስትንቀጠቀጥ

በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በፈንታሌና በዶፈን አካባቢ መሬት መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወራት ቆየ። ታኅሣሥ 26 ቀን ሌሊት 5.8 የተለካው፣ የካቲት 7 ደግሞ 6.0 የተለካው ደረሰ፤ አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ። በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጣ፤ ቤትና ትምህርት ቤት ፈረሰ፣ መንገድ ተሰነጠቀ። ከሰቡሬ በኩል ይመጡ የነበሩ ተማሪዎቼ ድንኳን ውስጥ አደሩ።

ያን ሴሚስተር መመሪያው ምን ይላል ብዬ አገላበጥኩ። ስለ ሕመም ይላል፤ ስለ ወሊድ ይላል፤ ስለ ሐዘን ይላል። መሬት ስለመንቀጥቀጥ አይልም። ተማሪዎቹን ሰብስቤ የክፍል ስምምነቱን እንደገና ከፈትን። ፎቅ ላይ መማር የፈራ ስለነበር ከሕንጻው ርቀን ሜዳ ላይ ዛፍ ሥር ተቀመጥን፤ ሰሌዳ ስለሌለ ሀንድአውቱን በስልክ በቴሌግራም ላክሁ። ከቤቱ የተፈናቀለ ሁሉ ደብዳቤ ሳይጠየቅ እንደ ፈረቃ ሠራተኛ ይቆጠር ተባለ። ሐሳቡን ያቀረበው አንድ የባቡር ሠራተኛ ነው፤ «ሕዝቡም ፈረቃ ላይ ነው፤ አንድ ሌሊት ድንኳን፣ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት» አለ። ሰዓቱን ግን አልቀነስንም። ዘግይተን ጀምረን፣ ዘግይተን ጨረስን፤ 48ቱ ሞላ። ከዚያ ክፍል አንድም ሰው በመቅረት ምክንያት ከፈተና አልታገደም። ይህ የሆነው ሕጉ ስለላላ አልነበረም፤ ሕጉ የሰዎቹን ኑሮ ስለሚያውቅ ነው።

ለማኅበራችን

እንግዲህ ውድ አባላት፣ ማኅበራችን በየዓመቱ ሲገናኝ ስለ ግቢያችን ዛፍ መትከልና ስለ አዲስ ገቢ ተማሪዎች አቀባበል እንነጋገራለን፤ ደግ ነው። በዚህኛው መገናኛ ግን ማታ ለምናስተምረው ሦስት ነገር አስቡልን።

አንደኛ፣ ከአዋሽ እስከ ሰመራ፣ ከሎጊያ እስከ አሳይታ፣ ከዚያም ውጪ የምናስተምር አባላት ስማችንንና የምንሰጠውን ኮርስ እናስመዝግብ። አንዱ መንገድ ላይ ሲቀር ሌላው ሰዓቱን ይሸፍንለት።

ሁለተኛ፣ የጋራ የክፍል ስምምነት ናሙና እናዘጋጅ። ፈረቃ፣ ረመዳን፣ ጾም፣ ወሊድ፣ መፈናቀል፣ የፈተና ሰዓት፣ የግሬድ ቅሬታ፣ የመምህር መቅረት ሁሉ ይካተትበት። አንድ መምህር ብቻውን «ይህ ሕጌ ነው» ሲል ይገፋል። ሃምሳ መምህር አንድ ዓይነት ወረቀት ይዞ ሲመጣ ግን ዲኑም ያነበዋል።

ሦስተኛ፣ ከኮሌጆች ጋር ስንዋዋል የማረሚያና ተማሪ የማነጋገሪያ ሰዓት በውሉ ውስጥ እንዲጻፍ፣ ኮርስም ከሰዓቱ በታች እንዳይቆረጥ በአንድ ድምፅ እንጠይቅ። ከመካከላችን ኮሌጅ የሚያስተዳድሩ አባላትም አሉ፤ ንግግሩ ከእነሱ ቢጀምር ጥሩ ነው። እነሱም የተማሪ ቁጥር፣ ኪራይና ቁጥጥር እንደሚያስጨንቃቸው እናውቃለን፤ ተቀራርበን እንነጋገር።

የማታ ተማሪዎቻችን ሁለተኛ ዕድል ብለው የመጡ ሰዎች ናቸው። ቀኑን ለመሥሪያ ቤታቸው፣ ሌሊቱን ለፈረቃቸው ሰጥተው የቀረቻቸውን ሰዓት ለኛ ያመጣሉ። ያቺን ሰዓት ሙሉ አድርገን እንመልስላቸው።

ለከርሞ በጤና፣ በሰላም፣ መሬቱም ረግቶ ያገናኘን!